ጅማ ቤት ለያዛችሁ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «እትዬ፣ ጅማ ተመድቤ ቤት ተከራየሁ። ግን አሁንም ሰው ቤት የማድር ነው የሚመስለኝ። መቼ ነው የሚለመደው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጋረጃ ግዢ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥያቄዋ ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያኔ ገና ወጣት ነኝ። የምሠራበት ክፍል አንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። ለቡና ለቀማ ከሩቅ መጥቶ፣ ለቀማው ሲያልቅ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ኩሊ ሆኖ ቀረ። የጫነው ጆንያ እግሩ ላይ ወድቆበት ነው የገባው። ካርዱ ላይ ስሙና ዕድሜው አለ። ቀበሌና የቤት ቁጥር የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የሚያድረው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው። ዘበኛው ደግ ነው አለኝ፤ ዝናቡ ሲብስ ወደ ውስጥ ጠጋ ያደርገዋል።

ሐኪሙ «ይውጣ» አለ። አልጋ የሚጠብቅ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። እኔም ለሁሉም የምለውን አልኩት፤ ቁስሉን ውሃ አታስነካው፣ በየሁለት ቀኑ እየመጣህ ፋሻ አስቀይር፣ ስትተኛ እግርህን ከፍ አድርገው።

«ሲስተር፣ ምን ላይ ነው ከፍ የማደርገው?» አለኝ።

እያሾፈ አልነበረም። የምሩን ነው። አጠገቡ የተኙት ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔ የምለው አጣሁ። ቅጹ ላይ «ወደ ቤቱ ተሸኝቷል» ብዬ ፈረምኩ፤ ለሁሉም የሚጻፈው ይኸው ነው።

ፋሻ ለማስቀየር አልመጣም። መርካቶ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ በየበረንዳው ይፈልገው ነበር። የትኛው ሱቅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሳስብ ጣራው ቶሎ አይመጣልኝም። በረንዳም ጣራ አለው። ታመህ ስትወጣ የሚጠብቅህ፣ ሳትታይ ስትቀር «ምነው ጠፋ?» የሚልህ ሰው ነው የሚመጣልኝ። እንዲህ እላለሁ እንጂ የጅማን ክረምት ያየ ሰው ጣራን አያቃልልም። ጫማችሁን አልጋ ሥር ረስታችሁ ቆይታችሁ ብታወጡት ሻጋታ አልብሶት ታገኙታላችሁ። ቤት ውስጥ እንዲህ ከሆነ በረንዳውን አስቡት።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ታስቁኛላችሁ። ቤት ስትገቡ ከአልጋ በፊት ዋይፋይ ታስገባላችሁ። ባለቤቲቱን ስልካችሁ ላይ «አከራይ» ብላችሁ ነው የመዘገባችኋት፤ ስሟን ብትጠየቁ አታውቁም። እኔስ? ከሐሙስ ገበያ የጅማ በርጩማ ገዝቼ ነበር፤ ያቺን ከአንድ ግንድ የምትፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር። እንግዳ ሳይቀመጥባት ስንት ጊዜ ልብስ መከመሪያ አድርጌያታለሁ። ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ደላላው ይህን አይነግራችሁም። ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጥታችሁ እዚህ ተመዝገቡ። ሰው ይህን የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያስፈልገው ነው።

እድርም ግቡ። «የሽማግሌ ነገር ነው» ትሉኛላችሁ፤ ሐዘን ሲደርስባችሁ ግን ድንኳኑን የሚተክለው ዋይፋዩ አይደለም። የአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ቶሎ ልመዱ፤ ጎረቤት ጠዋት «አካም ቡልተ» ሲላችሁ ስልካችሁን እያያችሁ አትለፉ። ቡና ሲጠሯችሁም ሂዱ። ሥራ ከያዛችሁ አቦሉን ጠጥታችሁ ተነሱ፤ ማንም አይቀየማችሁም።