አባቴ ፒያሳ ላይ መንገድ ጠፋባቸው

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ላዳ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ አራዳን ጥግ በጥግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። በቅርቡ ከአራት ኪሎ ተነሥተው ጊዮርጊስን ሊሳለሙ በእግራቸው ሲሄዱ፣ የፈረሰው ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ሲደርሱ መንገድ ጠፋባቸውና ቆመው ቀሩ፤ አንድ ወጣት ነው እጃቸውን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን መውጣት ፈርተዋል። ጎረቤቶቻችን «የመርሳት በሽታ ጀምሯቸዋል» ይላሉ። ተመራማሪዎች ሰው ሲያስታውስ አንጎሉ ውስጥ የሚካሄደውን በኤምአርአይ እንደሚያዩ ሰምቻለሁ። አባቴ ኤምአርአይ ቢነሡ ቁርጡን ማወቅ ይቻላል? እኛስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?
ልጃቸው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጎረቤቶችዎ ፍርዱን የቸኮሉበት ይመስለናል። አባትዎ የተቸገሩት ለዓመታት የሚያውቁት ሠፈር ከነቤቶቹ በተነሣበት ቦታ ላይ ነው። ሰው በሚያውቀው ከተማ ሲሄድ የሚመራው በካርታ ሳይሆን በምልክት ነው፤ ከወርቅ ቤቱ ወደ ቀኝ፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ወደ ታች እያለ ይሄዳል። ምልክቶቹ ሲነሡ ጤነኛ ሰውም ይደናገራል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ አዲስ ቦታ ለመልመድ ከወጣት ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን አባትዎ አንድ ቀን ለምን ጠፉ ብለን አይደለም፤ አዲሱን መንገድ ደጋግመው ሲሄዱበት ይለምዱታል ወይስ አይለምዱትም ብለን ነው።

ይህን የምንለው ከጥናት ተነሥተን ነው። በአንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ፣ ከጆሯችን አቅጣጫ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሂፖካምፐስ የሚባል፣ ለማስታወስና መንገድን ለማወቅ የሚያገለግል ክፍል አለ። ጆን ኦኪፍ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 በዚህ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ የሚነቃቁ የነርቭ ሴሎች መኖራቸውን አሳየ፤ በ2014 ለዚህ ግኝት የኖቤል ሽልማትን ከሜይ ብሪት ሞዘርና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር ተጋርቷል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ አይጧ የምትንቀሳቀስበት ሥፍራ ቅርጹ ሲለወጥ ሴሎቹ የሚነቃቁበት ቦታም እንደሚለወጥ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ጸጥ እንደሚሉ አሳይተዋል።

አባትዎ የታክሲ ሾፌር መሆናቸው ጉዳዩን ይበልጥ ያቀርበዋል፣ ምክንያቱም ስለ ቦታ ትዝታ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል በጣም የታወቁት በታክሲ ሾፌሮች ላይ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ያረፉት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪ ኤሊኖር ማጓየር፣ የለንደን ታክሲ ሾፌሮች የሂፖካምፐሳቸው የኋለኛው ክፍል ከሌሎች ሰዎች ይበልጥ ሰፋ ብሎ መገኘቱን በ2000 አሳተሙ። የለንደን ሾፌር ፈቃድ ለማግኘት ሦስትና አራት ዓመት ፈጅቶ ወደ 25,000 የሚጠጉ ጎዳናዎችን በቃሉ ማጥናት አለበት። «ምናልባት ሲወለዱ ጀምሮ እንዲህ ያለ አንጎል ያላቸው ሰዎች ይሆናሉ ሾፌር የሚሆኑት» የሚል ጥያቄ በመነሣቱ፣ ማጓየር ከባልደረባቸው ካትሪን ዉሌት ጋር 79 ሠልጣኞችን ከመጀመሪያው ተከታተሉ። ፈቃዱን ያገኙት 39 ብቻ ነበሩ፤ ሲጀምሩ በመካከላቸው ልዩነት ያልነበረ ሲሆን በመጨረሻ ለውጡ የታየው ፈቃዱን ባገኙት ላይ ብቻ ነው። በእኛ ግምት የዚህ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር የጎልማሳ አንጎል በመማር እንደሚለወጥ ማሳየቱ ነው፤ ስለ አባትዎ ተስፋ ለማድረግም አንዱ ምክንያታችን እርሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣቸው ሁለት ሰዎች የአባትዎን ጉዳይ ከበሽታ ለመለየት ይረዳሉ። አንደኛው በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ኢ.ፒ. ተብለው የሚጠሩ፣ በቫይረስ ምክንያት ሂፖካምፐሳቸው በሁለቱም ወገን የተጎዳ የካሊፎርኒያ አዛውንት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ቴንግና ስኳየር ያደጉበትን ሠፈር ሲጠይቋቸው፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ለቅቀውት የሄዱ ቢሆንም፣ መንገዱን አጥርተው ይናገሩ ነበር፤ ዋናው ጎዳና ተዘግቷል ቢባሉ እንኳ በሌላ በኩል እንዴት እንደሚዞሩ ያውቁ ነበር። ከታመሙ በኋላ የገቡበትን ሠፈር ግን በየቀኑ እየኖሩበት ሊያውቁት አልቻሉም። ሁለተኛው ሂፖካምፐሱ የተጎዳ የለንደን ታክሲ ሾፌር ነው፤ በኮምፒውተር በተሠራ የለንደን አምሳያ ውስጥ ሲነዳ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ደህና ይሄድና፣ ወደ ትንንሾቹ መንገዶች ሲገባ ይጠፋ ነበር። እንግዲህ የድሮውን ፒያሳ ማስታወስ ብቻውን አንጎል ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፣ በአዲሱ ፒያሳ አንድ ቀን መጥፋትም የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም።

ስለ ኤምአርአዩ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋቸዋልና። በሆስፒታል የሚነሣው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ያሳያል፤ የደም መፍሰስ፣ የደም ሥር መዘጋት፣ ዕጢ ወይም መሟሸሽ ካለ ሐኪም ያይበታል። ተመራማሪዎች «አንጎል ሲሠራ» የሚያዩበት ዘዴ ግን የነርቭ ሴሎቹን ሥራ በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ በዚያ ያለው ደም በሚይዘው የኦክሲጅን መጠን ላይ የሚታየውን ለውጥ ነው፣ ለውጡም ከሴሎቹ ሥራ ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ይመጣል። ሂዩጎ ስፓየርስና ማጓየር ሾፌሮችን በዚህ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው በለንደን አምሳያ ሲያስነዷቸው፣ ሂፖካምፐስ ይበልጥ የሚነቃው ተሳፋሪው የሚሄድበትን ሲናገርና ሾፌሩ መንገዱን ሲያስብ እንደሆነ አገኙ። ይህ ውጤት የተገኘው የብዙ ሰዎችና የብዙ ጉዞዎች ልኬት አንድ ላይ ተሰልቶ ነው። አንድ አዛውንትን መሣሪያው ውስጥ አስገብቶ «የማስታወስ ችሎታቸው ይህን ያህል ቀርቷል» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከሐኪም ትእዛዝ በፊት ገንዘብዎን በምስል ላይ እንዳያወጡ እንመክራለን።

ቤት ውስጥ የሚያደርጉት ግን አለ። አባትዎን ይዘው በዚያው መንገድ በሳምንት ጥቂት ቀናት ይሂዱ፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይጀምሩ፣ የማይነሡ ትልልቅ ምልክቶችንም ይምረጡላቸው፤ የራስ መኮንን ድልድይ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ የምኒልክ ሐውልት ለዚህ ይበቃሉ። መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቀድመው አይንገሯቸው፤ ቆም ይበሉና «ከዚህ ወዴት ነው?» ብለው እሳቸው እንዲመልሱ ጊዜ ይስጧቸው። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ያነበቡትን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታውሰዋል። ጥናቱ በወጣቶችና በጽሑፍ ላይ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም ለመንገድም መሞከሩ ጉዳት የለውም፣ ለአባትዎም ክብራቸውን ይጠብቅላቸዋል። መፍራታቸውን አይተው ቤት እንዲቀመጡ ማድረጉ ግን አይበጅም።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ መንገዱን ከለመዱት ደስ ይበልዎ። ካልለመዱት፣ ወይም ባልተለወጠ ቦታ ለምሳሌ በራሳችሁ ሠፈር ከጠፉ፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ከጠየቁ፣ ምሳ መብላታቸውን ከረሱ፣ የገንዘብ ቆጠራ ከተምታታባቸው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ግራ መጋባቱ በድንገት ከመጣ፣ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረና አንድ ጎናቸው ከደከመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሐኪሙ የታይሮይድ መዛባትን፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትን፣ ድባቴን፣ የመስማትና የማየት ችግርንም ሊመረምር ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታ ይመስላሉ፣ ሊታከሙም ይችላሉ። ዓይናቸው እንደደከመ ስለጻፉልን ከሁሉ አስቀድመው ዓይናቸውን ያስመርምሩ። ለምርመራ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒት ካለም ጨምረው፣ ከነማሸጊያቸው ይያዙ፤ አብሯቸው የሚኖር ሰውም ይግባና ለውጡ መቼ እንደጀመረ ለሐኪሙ በራሱ አንደበት ያስረዳ።