ትራንዚስተሩን ከመንቀልህ በፊት ሬንጁን ተመልከት

ከኮምቦልቻ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ «አምፕሊፋየሬን በዩኤስቢ ኦሲሎስኮፕ ስለካው የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ይታያል፤ የመውጫ ትራንዚስተሮቹን ልቀይር ወይ?» ብለሃል። አብሽር፤ ምንም እንዳትነቅል። ሬንጁን፣ ማለትም ሞገዱን ኮምፒውተር ላይ የሚስለው ኦሲሎስኮፕህ የሚቀበለውን የቮልት ወሰን፣ አልጻፍክም እንጂ ፕላስ ማይነስ 20 ቮልት ላይ እንዳስቀመጥኸው እወራረዳለሁ፤ ከዚያ የሚያልፈውን ጫፍ የሚቆርጠው መሣሪያው ራሱ ነው።

1. መልቲሜትር በኤሲ የሚነግርህ አርኤምኤስ (ውጤታማውን የቮልት መጠን) ነው፤ የሳይን ሞገድ ጫፍ ግን የዚያ 1.414 እጥፍ ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ማወቅ ግን አላዳነኝም። ደሴ ፒያሳ ወዳለችው ጠባብ ሱቄ አንድ የሠርግ ድምፅ አከራይ አምፕሊፋየር አመጣ። 8 ኦም ጭነት ላይ 16 ቮልት አነበብኩና «ከ20 ያንሳል» ብዬ በፕላስ ማይነስ 20 ለካሁ። የ16 ቮልት ጫፍ 22.6 ነው! ኮምፒውተሩ በ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ላይ የ3፣ የ5 እና የ7 ኪሎኸርዝ መዛባት ደረደረልኝ። ጥግ ላይ ከሬንጁ ማለፌን የሚነግር ቀይ ምልክት ይበራ ነበር፤ ኢንተርኔት የተቋረጠ መስሎኝ ዝም አልኩት።

አራቱንም ባለ 5200 እና 1943 ቁጥር ትራንዚስተሮች ነቅዬ ከአዲስ አበባ አዲስ አስመጣሁ። ገጠምኳቸው፤ ጫፉ እንደተቆረጠ ነው። ሐሰተኛ ዕቃ ልከህብኛል ብዬ ሻጩ ላይ ጮህኩ። «የክፍለ ሀገር ባለሙያ አጥፍቶ በዕቃ ያሳብባል» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ዕቃው ደህና እንደነበር ዛሬ አምናለሁ፤ ያችን ቃሉን ግን እስከ አሁን አልረሳሁለትም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ስፈልግ ሬንጁን ወደ 50 ባሳልፈው ሞገዱ ክብ ሆኖ ቁጭ አለ።

2. እንግዲያውስ ሁልጊዜ ትልቁ ላይ ላድርገው እንዳትል። እሱንም ሞክሬዋለሁ። ባለ 8 ቢት መሣሪያ የሚያየው በ256 ደረጃ ነው፤ ከማይነስ 50 እስከ ፕላስ 50 ያለውን 100 ቮልት ለ256 ስታካፍለው አንዷ ደረጃ 390 ሚሊቮልት ገደማ ትሆናለች። በዚያው ሬንጅ የአንድ ሚክሰር ጉርምርምታ ለክቼ «ንጹሕ ነው» አልኩ። 10 ሚሊቮልቷ የት ትታይ! ማታ ሠርጉ ላይ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ድምፅ ማጉያው አጉረመረመ፤ ባለቤቱ በሚዜዎቹ ፊት ደውሎ ሰደበኝ። ስለዚህ ጫፉን የሚይዘውን ትንሹን ሬንጅ ምረጥ፤ ጉርምርምታ ስትለካ ደግሞ የሙከራውን ድምፅ አጥፋና ሬንጁን ቀይ ምልክት እስኪመጣ አውርድ፤ ከዚያ አንድ ደረጃ መልሰው።

3. ቮልቱን ለ10 የሚያካፍል ባለ 10 ለ1 ፕሮብ (የመለኪያ ገመድ) ካለህ 22.6ቱ 2.26 ሆኖ ይገባልና ፕላስ ማይነስ 5 ይበቃሃል። አምፕሊፋየሩ በብሪጅ የሚሠራ (ከስፒከሩ ሁለት መውጫዎች አንዱም መሬት ያልሆነ) ከሆነ ግን የፕሮቡን መሬት የስፒከሩ መውጫ ላይ እንዳትቆነጥጠው፤ በኮምፒውተሩ መሬት በኩል ሾርት ያደርጋል። ያን ጊዜ በእርግጥም ትራንዚስተር ትፈልጋለህ።

በ50 ለክተህም ጫፉ ከተቆረጠ አምፕሊፋየሩን ይዘህ የሐረጎን ዳገት ውጣና ደሴ ና፤ አብረን እናየዋለን። ያኔ የነቀልኳቸው አራት ጤነኛ ትራንዚስተሮች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።