መሪው ሲከብድ፦ የመሪ ሳጥኑን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ የቤተሰባችን መኪና አሮጌ ኮሮላ ናት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ታመላልሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አጋሮ ዘመድ ጥየቃ ይዛን ትሄዳለች። ከክረምቱ ወዲህ መሪዋ ከብዷል፤ ስጠመዝዘውም ያጉረመርማል። የመሪ ዘይት በየሳምንቱ እጨምራለሁ። መካኒኩ «ሳጥኑ ይቀየር» ቢለኝም ወጪው ከአቅሜ በላይ ነው። ሌላ መላ የለውም? እስኪጠገንስ አዲስ አበባ ድረስ ብነዳት ችግር አለው? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ የመሪ ሳጥኑን (የመሪውን ዙር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ክፍል) መቀየር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ዘይቱ በየሳምንቱ ከጎደለ ከአንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ ቦታውን በዓይንዎ ሳያዩ ዕቃ አይግዙ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዘይቱን እየገፋ መሪውን የሚያቀልለውን ፖምፕ፣ ቱቦዎቹንና ሳጥኑን አሳጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ይነስንሱባቸው። ሞተሩን አስነስተው ሌላ ሰው መሪውን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ያዙርልዎ። ነጩ ፓውደር ላይ ቀይ መስመር የሠራበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጋው (ፖምፑን ከሚያዞረው ቀበቶ) ያርቁ።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከፍተኛ ግፊት የሚሸከመው ቱቦ፣ ጎማው ከብረቱ ጋር በተጨመቀበት አንገት ላይ ነው፤ ወይም ከፖምፑ ፑሌጃ (ቺንጋው ከሚዞርበት መንኮራኩር) ኋላ ያለው ፓራሎዮ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ጎማ። በሳጥኑ ሁለት ጫፍ ያሉትን የተሸበሸቡ የጎማ ሽፋኖችም በእጅዎ ይጭመቁ። ውስጣቸው ዘይት ካቆሩ የሳጥኑ ፓራሎዮ አልቋል ማለት ነው። ሽፋኑ ተቀዶ ካገኙት ምክንያቱን አገኙ፦ የጅማ ጭቃ በቀዳዳው ይገባል፣ የሚንሸራተተው ብረት ይዝጋል፣ የዛገው ብረት ፓራሎዮውን ይቆርጣል። ስለዚህ ፓራሎዮ ሲቀየር ሽፋኑም አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ የሚመጣው ክረምት ያንኑ ወጪ ይዞ ይመጣል።

ማጉረምረሙን በተመለከተ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን ከፍተው ይመልከቱ። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ አረፋ ከያዘ አየር እየገባበት ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፑ የሚወርደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ወይም የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። እዚያ ጋ ምንም ጠብታ ላያዩ ይችላሉ፤ ፖምፑ አየር ይስባል እንጂ ዘይት አያወጣም። ጥገናው በጣም ርካሽ ነውና ፖምፕ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። የቺንጋውን መላላትና የፊት ጎማዎቹን ንፋስም አይርሱ፤ ሁለቱም መሪ ያከብዳሉ።

ወጪው ከቺንጋና ከቱቦ ማሰሪያ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የፖምፕ ፓራሎዮ ኪት (የፓራሎዮዎች ስብስብ)፣ የግፊት ቱቦ፣ ሙሉ ፖምፕ፣ ከሁሉም በላይ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑም ቢሆን በኪት ሊድን ይችላል። ሽፋኑ ሲነሳ ብረቱን በጨርቅ ጠርገው በጥፍርዎ ይዳስሱት። ለስላሳ ከሆነ ኪቱ ይበቃል፤ ጥፍርዎን የሚይዝ ጉድጓድ ካለበት ግን አዲሱም ፓራሎዮ አይቆይም። ያኔ ያገለገለ ሳጥን አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ ቢያስመጡ ይሻላል። በስልክ ሲያዙ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ብቻ አይንገሩ፤ የግራ መሪ መሆኑንም ያስረግጡ። ከቀኝ መሪ መኪና የተፈታ ሳጥን የእርስዎ ላይ አይገባም፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣን ዕቃ መመለስ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ሳጥን ከወረደ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ስለሆነ ከሒሳቡ ጋር ይደምሩት።

ለአሮጌ ኮሮላ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይ ዘይት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ይበቃል። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨምሩበት፤ ፓራሎዮዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። ከጥገናው በኋላ አየሩን ለማውጣት የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው፣ መቆሚያ ተደርጎላቸው፣ ሞተሩ ሳይነሳ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያለ 15 ጊዜ ያህል ይዙር፤ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ይሞላ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው አረፋው እስኪጠፋ ይድገሙት። ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዘው አይቆዩ፤ ፖምፑ ይግላል።

አዲስ አበባ መሄዱን ይተዉት። የፖምፑ እገዛ ቢጠፋም መሪው ከጎማዎቹ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ነገር ግን የግቤን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በከበደ መሪ፣ ልጆች ጭኖ መውረድ አደገኛ ነው። ዘይት ያለቀበት ፖምፕም ብዙ ሳይቆይ ይበላል። ፍሳሹ የጋለ የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን እሳት ሊነሳ ስለሚችል፣ ለከተማ ውስጥ ምልልስም ቢሆን አያስነሷት።