ያን ሲናር ለምን ነቀልኩት?

ባለፈው እሁድ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የሰብል የዱር ዘመዶች ድርቅ የሚችሉት ሰብሉ ውስጥ የሌለ ጂን ስላላቸው ነው?» አለች። የሆነ ነገር ብዬ መለስኩላት። ማታ ግን ድሮ የነቀልኩት ሲናር ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰንዳፋ አቅጣጫ፣ ዛሬ ቪላ በተደረደረበት ሜዳ ላይ፣ በላስቲክ ጣሪያ ስር 40 ባልዲ ገብስ ዘርቼ ነበር። አፈሩ ከገበሬ ማሳ የመጣ ስለሆነ ገብሱ መሀል ሲናር በቀለ። ሲናር ታውቃላችሁ አይደል? የአጃ ዘመድ የሆነ አረም ነው። ቡቃያው ከገብስ በቀላሉ አይለይም። አንዱ ዓይነት ሲበስል ይረግፋል፣ ሌላው ከገብሱ ጋር ታጭዶ አብሮ ይወቃል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን ድረስ መጥቶ ዘር ሰብስቧል፤ አንደኛው የዱር ሲናር ዛሬም በስሙ አቬና ቫቪሎቪያና ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ዘር ሲለቅም የኖረ ሰው በ1943 እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ወደ ባልዲዎቹ ልመለስ። ድርቅ የመቻል አቅሙን ልፈትን ብዬ ውሃ በከለከልኩ በ12ኛው ቀን የገብሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ተኛ። ሲናሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አርብ ደግሞ አለቃዬ ሊጎበኝ ይመጣል። ሙከራዬ ዝርክርክ እንዳይመስልብኝ ፈራሁና እጅጌዬን ሰብስቤ መንቀል ጀመርኩ። አብረውኝ የሚውሉ አንድ አባት ነበሩ፣ የቀን ሠራተኛ። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ እሱን እንኳ ተወው፤ ገብሱ ሲተኛ እሱ ያልተኛው በምክንያት ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር። የነቀልኩትን ሰብስበው ለአህያቸው ወሰዱት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለው «አረም ተነቅሏል» የሚል ብቻ ነው። ዘር አላስቀረሁም። ምን እንዳዩም ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ክረምቱ ሲገባ ሥራው አለቀ፣ እሳቸውንም ዳግም አላየኋቸውም።

ምናልባት ሲናሩ ድርቅ የቻለ አልነበረም። ሥሩ የገብሱን ውሃ እየቀማበት ሊሆን ይችላል። ያንን ለመለየት ባልዲዎቹን በየቀኑ መመዘን፣ ሁለቱንም ለየብቻ መዝራት ነበረብኝ። ቀን መቁጠር ድርቅን መለካት አይደለም፤ ትንሽ ተክል ትንሽ ስለሚጠጣ አፈሩ ይቆይለታል፣ እናንተም ጀግና ትሉታላችሁ።

ለልጅቷ መመለስ የነበረብኝ ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ አዲስ ጂን አይደለም። አፈር ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሆርሞን ይበዛል፣ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ድሬብ የሚሏቸው ጂኖች ደግሞ እንደ ድግስ አዛዥ ሌሎቹን ጂኖች ለሥራ ያስነሳሉ። ይህ ሁሉ በዱሩም በሰብሉም ውስጥ አለ። ማን ቀድሞ አስነሳ፣ በምን ያህል ኃይል ነው ጥያቄው። አንዳንዴ ግን እውነትም ሰው ተክሉን ሲያላምድ የጣለው የጂን ዓይነት ዱር ውስጥ ቀርቶ ይገኛል። ደግሞ ሁልጊዜ ዱር ዱር አትበሉ። ካበበ በኋላ ዝናብ ቢቋረጥበት እንኳ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀው፣ ቢ 35 የሚባለው ታዋቂ የማሽላ ዘር የተገኘው «ዱራ» ከሚባለው የማሽላ ዓይነት፣ ከኢትዮጵያው ነው። የገበሬ ዘር ነው እንግዲህ።

የዛሬ ልጆች ጂኑን ኮምፒውተር ላይ ታዩታላችሁ፣ ማሳ ስትገቡ ግን የምታዩት ጫማችሁን ነው። እርግጥ ያቺ ልጅ ላፕቶፗን ከፍታ በአንድ ከሰዓት ያሳየችኝን እኔ ጡረታ እስክወጣ አላየሁትም። ስለዚህ የጫማውን ነገር ተዉት። አንድ ነገር ብቻ፦ ለጂን ምርመራ የምትወስዱትን ቅጠል ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ቁረጡ። የብዙ ጂኖች ሥራ በቀንና በሌሊት ይለዋወጣል፤ የዱሩን ጠዋት፣ የሰብሉን ከምሳ በኋላ ብትወስዱ የምታገኙት ልዩነት የፀሐይዋ ሊሆን ይችላል።

አለቃ አትፍሩ ልላችሁም ነበር። ግን ያ አርብ ዛሬ ቢመጣ ያው እነቅለው ይሆናል።

አጥሬ ስር ዘንድሮም ሲናር በቅሏል። ባለቤቴ ንቀለው እያለች ትነዘንዘኛለች። ለልጅቷ አንድ እፍኝ ዘር ቃል ገብቻለሁ፣ ሳይረግፍ ልድረስበት።