«እግዚአብሔር እያወቀው ለካህን መንገር ምን ይረባል?» ላልከው

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር አብሮህ ቤት የተከራየው ልጅ ካቶሊክ ነው፤ ሊናዘዝ ሲሄድ እያየህ ነው የጠየቅከው። «ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ከሆነ ካህኑ መሃል ምን ይሠራል? እግዚአብሔርስ ሳይነግሩት አያውቅም ወይ?» ብለሃል። እኔም ካቶሊክ ነኝ፤ ያደግኩትም እዚሁ ጎጃም ነው። ቁጥራችን ትንሽ ነው። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ብትጠይቅ አይገርመኝም። ዳንግላ ጎረቤታችን የነበሩ እናት «ውይ ልጄ፣ እናንተም ንስሐ አላችሁ እንዴ?» ብለውኝ ያውቃሉ። የሚገርመኝ፣ አብዛኛው ጠያቂ እንዳንተ ራሱ የንስሐ አባት ያለው ኦርቶዶክስ መሆኑ ነው።

ዋናውን ላስቀድም። እኛም ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ብቻ ነው ብለን እናምናለን። ካህኑ የራሱ የሆነ ምሕረት የለውም። በላቲን ሥርዓት (በምዕራቡ የካቶሊክ ሥርዓት) የሚደገመውን የፍትሐት ጸሎት፣ ማለትም ካህኑ ተናዛዡን ከኃጢአቱ የሚፈታበትን፣ ብትሰማው የሚጀምረው ከምሕረት አባት ከእግዚአብሔር፣ ከልጁ ሞትና ትንሣኤ፣ ከመንፈስ ቅዱስ ነው። «እፈታሃለሁ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በሥላሴ ስም። መሠረቱ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ አለ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በሐዋርያት ላይ እፍ ብሎ ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ይቀርላቸዋል አላቸው። ሳይሰሙ እንዴት ይፈታሉ?

ኑዛዜው ለእግዚአብሔር ወሬ ማድረስ አይደለም ማለት ነው። የሚጠቅመው ተናዛዡን ነው። እዚህ ደም ያለባቸው ቤተሰቦች ሲታረቁ አይተህ ከሆነ ይገባሃል። ተበዳይ በልቡ ይቅር ቢልም ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ካልተነገረ ዕርቁ አይቆምም። በዳዩም በእርግጥ ይቅር መባሉን ሳያውቅ ይኖራል። ልዩነቱ፣ ሽማግሌ ያደራድራል፤ ካህን ግን አያደራድርም። ደግሞ ኃጢአት እግዚአብሔርን ብቻ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያንንም ይጎዳል ስለምንል፣ ካህኑ እሷንም ወክሎ ነው የሚቀመጠው።

«እንግዲያው ተናዝዞ ተመልሶ መሥራት ነዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። አይሆንም። ከልብ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ከሌለ ፍትሐቱ አይሠራም፤ ካህኑን ማታለል ይቻል ይሆናል፣ ያ ግን ይቅርታ አያመጣም። ካሳም አለ። ድንበር ገፍቶ የወንድሙን መሬት የያዘ ሰው ሊናዘዝ ቢመጣ፣ መዝሙረ ዳዊት ድገም ተብሎ ብቻ አይሸኝም። መሬቱን መልስ ይባላል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰው ኑዛዜን የሚሸሸው ኀፍረቱን ፈርቶ ሳይሆን ይቺን ፈርቶ ይመስለኛል።

ካህን ሳያገኝ የሞተስ? እግዚአብሔርን ከመውደዱ የተነሳ በኃጢአቱ ከልቡ የተጸጸተና ሲችል ሊናዘዝ የቆረጠ ሰው፣ ከባዱ ኃጢአቱም ቢሆን ይሰረይለታል ብላ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ቀላሉ ኃጢአት በጸሎት፣ በምጽዋት፣ በቁርባንም ይሰረያል። ከባዱን ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መናዘዝ ግዴታ ነው። ይህን የደነገገው በ1215 እ.ኤ.አ. የተደረገው አራተኛው የላተራን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው።

ምሥጢሩን በተመለከተ አትጠራጠር። የሰማውን በቀጥታ የገለጠ ካህን በዚያው ቅጽበት ይወገዛል፤ ፍርድ ቤት ቢጠይቀውም አይናገርም። ለእኔ በጣም የሚያቀለኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉን በሚያውቅበት፣ የነገርከው እዚያው የሚቀርበት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከእናንተ የሚለየን ሌላው ነገር፣ የንስሐ አባት ለቤተሰቡ ተይዞ ቤት ድረስ አይመጣም። ሥልጣን ያለው ማንኛውም ካቶሊክ ካህን ያናዝዛል፤ ከፈለግክ ፊትህ ሳይታይ በመጋረጃ ጀርባ። እኔ የማስበው ግን በዚህ የተነሳ ትንሽ ይጎድለናል፤ ለዓመታት የሚያውቅህ አባት የሚሰጥህ ምክር ሌላ ነው።

«አንድ ቀን አብሬው ብሄድስ?» ላልከው፣ ቁጭ ብለህ ከአባ ጋር ብታወራ ማንም አይከለክልህም። ለኑዛዜ ከሆነ ግን መጀመሪያ የራስህን የንስሐ አባት ጠይቅ። የእኛ ሕግ ራሳቸው ፈቅደው ለሚጠይቁ ኦርቶዶክሳውያን በሩን አይዘጋም፤ የናንተው ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅድም፣ እኔም በመሃል ገብቼ አላጣላችሁም።