ነሐሴ ላይ ልጄ የምትወስደኝ ከተማ

*«ለአምዷ ጸሐፊ፣ ለልጄ። የድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ቦስተን ያለችው ልጄ ቪዛ አስጨርሳልኛለች፣ መጪውን ክረምት እሷ ጋ ነኝ። አምና በስልክ እያለቀሰች አንድ ነገር ነገረችኝ። አብራት የምትኖረው ሴት ጓደኛዋ ብቻ አይደለችም፤ በሕግ ተጋብተዋል። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅም እያሳደጉ ነው። ሦስት ወር ስልኳን አላነሳሁም። ከዚያ አንጀቴ አልችል አለና ደወልኩ። አሁን ደግሞ ‹ነሐሴ ላይ ፕሮቪንስታውን የምትባል የባሕር ከተማ እወስድሻለሁ፣ በየዓመቱ የእኛ ሰዎች በዓል አለ› አለችኝ። አንቺ እዚያ እንደሠራሽ ድሮ ጽፈሽ አንብቤያለሁ። እውነቱን ንገሪኝ። ምን ዓይነት በዓል ነው? ማየት የሌለብኝን አያለሁ? ጾሜንስ እንዴት ላድርገው? ምን ልልበስ?» — እናት፣ ከገንደ ቆሬ*

እማማ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስልኩን ያነሱ ቀን እግዜር ይባርከው።

እዚያች ከተማ አራት በጋ ሠርቻለሁ፤ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ሥራዬ የእንግዳ ማረፊያ ማጽዳት ነበር። አንሶላ መቀየር፣ መታጠቢያ ቤት ማጠብ፣ ጠዋት ቡና ማቅረብ። ስለዚህ ከተማዋን የማውቃት ከጓሮ በኩል ነው።

ፕሮቪንስታውን የማሳቹሴትስ ግዛት ጫፍ ናት። ኬፕ ኮድ የሚባለው መሬት እንደታጠፈ ክንድ ወደ ውቅያኖሱ ይገባል፤ እሷ የተቀመጠችው ጣቱ ላይ ነው። ከቦስተን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ገና ሩቅ ሳሉ አንድ ረጅም የድንጋይ ማማ ይታይዎታል። 77 ሜትር ነው። ሜይፍላወር በምትባለው መርከብ ከእንግሊዝ የተሰደዱት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1620 መጀመሪያ የወረዱት እዚያ ስለሆነ ለእነሱ መታሰቢያ የተሠራ ነው። እነዚያ ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ተገፍተው የወጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል ዓሣ አጥማጆች መጡ፣ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች መጡ። ቀጥለው ሌላ ቦታ መኖር የከበዳቸው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መጡ። ዛሬ ከተማዋን ዓለም የሚያውቃት በእነሱ ነው።

ነሐሴ ላይ ያለው ካርኒቫል ይባላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 10 አካባቢ ይጀምራል። ትልቁ ቀን ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ ኮሜርሻል ስትሪት በሚባለው ጠባብ ዋና መንገድ ላይ ሰልፍ ይወጣል። ያጌጡ መኪኖች፣ ሙዚቃ፣ ላባ፣ የሴት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች። በየዓመቱ የሚመረጥ ርዕስ አለ፤ ሰው ሁሉ በዚያ ርዕስ ይለብሳል። ልብሱን ወር ሙሉ የሚሰፉ አሉ። እኔ ያገለገልኩት ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ መርፌና ክር ይዘው ሲሠሩ አድረው ጠዋት ቡና ሳመጣ ዶቃው ገና አላለቀም ነበር።

እውነቱን ንገሪኝ ብለዋልና ልንገርዎት። እርቃን የቀረበ ልብስ የሚለብስ አለ። መንገድ ላይ የሚሳሳም አለ። ማታ ማታ መጠጥና ጭፈራ አለ። የሚደነግጡበት ነገር ያያሉ። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። ግን በእነዚያ አራት በጋ አንድም ሰው ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ከሥራ እኩለ ሌሊት ወጥቼ ብቻዬን በእግሬ እገባ ነበር።

ስለዚህ ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቋት። ከካርኒቫሉ በፊት፣ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ፣ የቤተሰብ ሳምንት የሚባል አለ። እንደ ልጅዎ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡበት ነው። ሁለት እናት ያለው፣ ሁለት አባት ያለው ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። አሸዋ ላይ ቤት ይሠራሉ፣ ይሮጣሉ፣ ማታ እሳት ዳር ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። እዚያ ግን ማንም «አባትህ የት አለ?» ብሎ አይጠይቃቸውም። የልጅ ልጅዎን ያንን ሳምንት ቢያዩት ደስ ይለኛል። አያቶችም ይመጣሉ። አንዲት ጥቁር የለበሱ አያት ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ሹራብ ሲሠሩ አይቻለሁ። ቋንቋቸውን አላውቀውም፣ ግን አቀማመጣቸው ልክ የመጋላ እናቶች ነበር።

ይህን ሳምንት ከመረጡ የጾሙም ነገር ይቃለልልዎታል፤ ፍልሰታ ሳይገባ ነው። እርግጥ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን የሚሳለሙ ከሆነ ቀኑ ይጋጫል፤ የታኅሣሡን ይደርሱበታል። ካርኒቫሉ ግን ፍልሰታ ውስጥ ነው። ያች ከተማ ደግሞ ምግቧ ሁሉ ቅቤና የባሕር እንስሳ ነው፤ ሎብስተር፣ ክላም፣ ክሬም ያለበት ሾርባ። ልጅዎ ሆቴል ሳይሆን ማድ ቤት ያለው ቤት ትከራይ። ሽሮዎን፣ በርበሬዎን፣ ድርቆሽዎን ከዚህ ይያዙ። ነፍስ አባትዎን የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ካለ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ልጅን ሄዶ መጠየቅ ግን ማንም የሚከለክልዎት አይመስለኝም።

ልብስ። ባሕር ሲሉ ጅቡቲን እንዳያስቡ። ውሃው ነሐሴም ቢሆን ይቀዘቅዛል፣ ማታ ንፋስ አለ። ጋቢዎን ይያዙ። የሐበሻ ቀሚስዎንም ይያዙ። ሰልፉን የሚያዩ ከሆነ ነጭ ቀሚስዎን ለብሰው ዳር ወንበር ላይ ቢቀመጡ የሚያፍሩበት ነገር የለም። ከሁሉም በፊት ምቹ ጫማ። ያች ከተማ በእግር ነው የምትሄደው፤ መኪና ይዘው ከገቡ ማቆሚያ ፍለጋ ቀኑ ያልቃል።

አሁን ደግሞ ልቤ ውስጥ ያለውን ላጫውትዎ።

አጎቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከድሬ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ታመመ። ሰው «ቲቢ ነው» አለ፣ ቤተሰባችንም «ቲቢ ነው» አለ። ሁላችንም ግን ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ለብቻው ሳህን፣ ለብቻው ኩባያ ነበረው። ሲሞት ለቀስተኛው ቶሎ ተበተነ። ስሙን ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጠራው አልነበረም።

ፕሮቪንስታውንም ያ በሽታ፣ ኤድስ፣ ክፉኛ የመታት ከተማ ናት። ከየቦታው ቤተሰቦቻቸው ያባረሯቸው ወጣቶች ሊሞቱ ወደዚያ ይመጡ ነበር። ከተማዋ አላባረረቻቸውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የከተማዋ ነርስ የነበረችው አሊስ ፎሊና ፕሬስተን ባቢት የሚባል ሰው የድጋፍ ማኅበር አቋቋሙ። ገና ዓለም በሽታውን በቅጡ ሳያውቀው ማለት ነው። ጎረቤት ምግብ ይሠራል፣ ጎረቤት ያጥባል፣ ጎረቤት ሐኪም ቤት ያደርሳል። እድር በሉት። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ የላይኛው ገጹ የባሕር ሞገድ መስሎ ተቀርጿል። እጅዎን ቢያሳርፉበት ሞገዱ ይሰማዎታል።

እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ፣ የእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሰዎች ወደቡን በዋና ያቋርጣሉ። ከአንድ ማይል በላይ ነው። ለሕሙማንና ለሌሎች የከተማዋ ማኅበራት ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ባሕሩ ዳር ገመድ ይወጠርና ሰው በጨርቅ ጥብጣብ ላይ የሞተበትን ሰው ስም ጽፎ ያስራል። ስንት ቀለም አለው መሰለዎት። ንፋሱ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። አሠሪዎቼ ሁለት ሽማግሌ ወንዶች ነበሩ። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው፣ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ሲፈቅድ ተጋብተዋል። አንደኛው ጥብጣብና እስክሪብቶ ሰጠኝና «የምትጽፊው ሰው አለሽ?» አለኝ። የአጎቴን ስም በአማርኛ ጻፍኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስሙን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነበር። ቆሜ አለቀስኩ። ሽማግሌው ምንም ሳይል ቆሞ ጠበቀኝ።

ካርኒቫሉን ከዚያ በኋላ ስመለከተው ሌላ ነገር ሆነብኝ። እዚያ ላባ ለብሰው ከሚጨፍሩት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ጓደኞቻቸውን በየተራ የቀበሩ ናቸው። ልጅዎ «የእኛ ሰዎች በዓል» ስትል ይህንንም ጭምር ማለቷ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እባክዎ አይርሱት። ፎቶ። በሁለተኛው ዓመቴ የሰልፉን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለቀቅኩ። ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ከፎቶው ዳር አንድ የአገራችን ልጅ ቆሞ ነበር፣ ጓደኛውን አቅፎ። እኔ አላየሁትም። በሁለት ቀን ውስጥ አገር ቤት ያለች ዘመዱ አየችው። ልጁ አፈላልጎ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። አልጮኸብኝም። «አጥፊው» ብቻ አለኝ። አጠፋሁት፣ ግን አልፏል። አባቱ ከዚያ በኋላ አላናገሩትም፣ ሳያናግሩትም ሞቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እማማ፣ የልጅዎን፣ የባለቤቷንም ሆነ የማንንም ሰው ፎቶ ወደዚህ አይላኩ። ለእህትም ለጎረቤትም። የባሕሩን፣ የማማውን፣ የአሸዋውን ይላኩ። በእኛ አገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ልጅዎ አንድ ቀን ድሬ መምጣት ትፈልግ ይሆናል። ለጎረቤት «ባሕር ዳርቻ ወስዳኝ ነበር» ቢሉ እውነት ነው፤ ቀሪው የእሷ ጉዳይ ነው፣ ለማን እንደምትነግር እሷ ትምረጥ።

ለልጁም ሙሸበክ፣ ያንን የድሬ ጣፋጭ፣ ይውሰዱለት። ጉምሩክ ላይ ያስመዝግቡት እንጂ አይከለክሉዎትም። አያቴ ከድሬ ያመጣችልኝ ብሎ ይብላ።

*«ከዚራ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እኛ ቁልቢ ሰሞን አልጋ አጥተን ከዚያ በኋላ ወራት ባዶ እንቀመጣለን። ቀደም ሲል ስለጻፍሽላት ከተማ እኔም ልጠይቅሽ። ነሐሴ ሲያልፍ በምን ይኖራሉ?»*

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። የፕሮቪንስታውን ቋሚ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 3,664 ሰው ነበር። በጋ ላይ እስከ 60 ሺህ ይደርሳል ይባላል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መንገዱ ጭር ይላል።

መላ ያገኙለት ዓመቱን በመከፋፈል ነው። የነጋዴዎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አለ፤ ካርኒቫሉንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሰኔ ላይ የፖርቱጋሎቹ በዓል አለ፣ ጳጳስ መጥቶ የዓሣ ጀልባዎቹን ይባርካል። ሐምሌ ላይ በየሳምንቱ የተለያየ እንግዳ ይመጣል። የእኔን ቀልብ የሳበው ግን ጥቅምት ነው። እንግዳ ማረፊያ የነበራቸው ሴቶች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1984 የሴቶች ሳምንት ጀመሩ። የበጋው ገበያ ካለቀ በኋላ አልጋቸው እንዳይራቆት ብለው ነው። ባዶው ወር የሥራ ወር ሆነ። በዚያው ወር እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ጾታቸውን የለወጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ሌላ ሳምንትም አለ። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደግሞ የገና ቅዳሜና እሁድ ያደርጋሉ፤ በዚያ ሰሞን የሎብስተር ማጥመጃ ሳጥኖችን እንደ ዛፍ ደራርበው መብራት ያበሩበታል።

አንቺም አለቃሽን ስትመክሪ ይህን ንገሪው። ሕዝብ ራሱ የሚመጣበትን ቀን ማስታወቅ አያስፈልግም፤ ገንዘቡን ማውጣት ያለበት አልጋው በሚራቆትበት ወር ነው። ደግሞ ማንን እንደሚጠራ ይወቅ። «ሁሉም ይምጣ» ሳይሆን «እናንተ ኑ» ነው ያሉት።

መጥፎ ጎኑም አለው። የቤት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። አልጋ የምናነጥፈው እኛ፣ ከጃማይካና ከቡልጋሪያ የመጡት ጓደኞቼ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነበር የምናድረው። ጥር ሲገባ ግማሹ መስኮት ይታሸጋል። አሠሪዎቼ በዚያ ወር ቀለም ይቀቡ ነበር፣ በየዓመቱ ያንኑ ሰማያዊ።