«ዋና አልችልም» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው አንዲት ወጣት «ዋና አልችልም፤ ታዲያ ውሃ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ጉልበታቸውን ያማቸው የነበሩ አንዲት እናትን አስታወሰኝ። እሳቸውም ዋና አያውቁም። ሶደሬ ፍል ውሃ ወርደው ገንዳው ውስጥ ሲራመዱ ሕመሙ እንደሚለቃቸው ነገሩኝ፤ እኔ ግን «እግርዎን ያሳርፉ» አልኳቸው። ያኔ የታመመ መገጣጠሚያ ማረፍ አለበት እንል ነበር። አረፉ። በወራት ውስጥ የጭናቸው ጡንቻ ሰለለ፤ ጉልበቱን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነውና ከወንበር ለመነሳት ሰው መጥራት ጀመሩ። ትክክል የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ውሃ እምብርት ሲደርስ እግር የሚሸከመው ክብደት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ደረት ሲደርስ ሲሶው ብቻ ይቀራል። ፍጥነትሽን እጥፍ ስታደርጊ ደግሞ ውሃው አራት እጥፍ ይገፋሻል። ስለዚህ ጉልበቱ ሳይጫነው ጡንቻው ይሠራል። ለዚህ ዋና ማወቅ አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ቀን ደረት በሚደርስ ውሃ 10 ደቂቃ ይበቃል። የገንዳውን ጠርዝ ይዘሽ 10 እርምጃ ወደፊት፣ 10 ወደኋላ፣ 10 ወደ ጎን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ውሃው ሲያነሳው በእግሩ ጣት ይቆማል፣ ወደፊት ያጎነብሳል፤ ባቱ ይኮማተራል፣ ወገቡን ያመዋል። ተረከዝ ይቅደም፣ ጀርባ ይቅና። በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሪ፤ በሳምንት ሦስት ቀን 30 ደቂቃ ከደረስሽ መልካም ነው። በማግስቱ ሕመሙ ከባሰ በግማሽ ቀንሺ። ውሃ ውስጥም ያልባል፤ ስለማይታወቅ ጠጪ።

ፍል ውሃው ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን ከ10 ደቂቃ በላይ አትቆዪ። ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ድንገት ሲነሱ ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ያዞራል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ሐይቅ ሌላ ነው። በሐዋሳና በጣና ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን ሣሩ ውስጥ ይኖራል፤ ከእሱ የሚወጣው ትል በደቂቃዎች ቆዳ ይበሳል፤ በተለይ ፀሐይ ሲበረታ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይበዛል። በፎጣ ማድረቅ ዋስትና አይሆንም። የገባ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመርመር። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ከዳር ጥቂት ርቆ መሬቱ ይጠፋል። ዋና የማይችል አይግባ።

በሐይቅ እንዲህ ሳስፈራራ ቆይቼ፣ ሐዋሳ ስትሄዱ ሳትነኩት ተቀመጡበት እላለሁ። አሁን አሁን ወጣቱ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር ደርሶ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ያሳዝነኛል። በማለዳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ሄዳችሁ ዓሣ ሲራገፍ፣ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ አንገቱን ቀብሮ ሲጠብቅ ግማሽ ሰዓት እዩ። ትንፋሻችሁ ራሱ ዝግ ይላል።

ልጄ፣ ከገንዳው ስትወጪ አትቸኩዪ። ውሃው የያዘልሽ ክብደት ባንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ደረጃውም ያንሸራትታል። ብረቱን ይዘሽ በየደረጃው ቆም በዪ፤ መጀመሪያ ጤነኛው እግር ይውጣ።